ማን የባረከው አጥንት ነው?

አስቴር ልጄ ናት። አበበች ሚስቴ ነበረች፤ ዐርፋለች። ተመስገን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና እየመጣ ጥርስ የሚያክም ሐኪም ነበር። ኤርሲዶ እኔ ነኝ። ከአራታችን የሆነውን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ብቻዬን ስጸልይ እንኳ ድምፄን አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። በእኛ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት የሚናዘዙለት ቄስ የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ስማኝ።

አንድ ለአምስት ተደራጁ እየተባልን በቀበሌ ስብሰባ በምንውልበት ዘመን ነው። አስቴር ከፎንቆ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ጋሪ ተገለበጠና የላይኛው የፊት ጥርሷ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ሃያ ዓመት ሞልቷት ነበር። ከመዘምራን ፊት ቆማ መዝሙር የምታስጀምረው እሷ ነበረች። "ተመስገን ዘንድ እንውሰዳት" ያለችው አበበች ናት።

ሐኪሙ እንደ አገራችን ወግ አባትን አክብሮ ለብቻዬ ጠራኝ። ጥርሱ መነቀሉ እንደማይቀር ነገረኝና ቀጠለ፤ "ጋሼ፣ የአጥር ቋሚ ነቅለው ጉድጓዱን ክፍት ቢተዉት ዳርና ዳሩ ይናዳል አይደል? መንጋጋም እንደዚያ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ይዞት የነበረው አጥንት ይሳሳል፣ ድዱም አብሮ ይወርዳል። አሁኑኑ በአጥንት ዱቄት ሞልተን ብንሰፋው ቦታው ይጠበቃል፤ በኋላ አጥንቱ ላይ እንደ ብሎን የሚታሰር ጥርስ እንተክልላታለን።"

"ዱቄቱ የምን አጥንት ነው?" አልኩ።

"የከብት። ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ ነው።"

"ማን የባረከው ከብት?"

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ለቅሶም ሠርግም አብረን እንውላለን፤ ሥጋው ግን የየራሳችን ነው። እኔ ማን እንደባረከው ሳልጠይቅ ጎርሼ አላውቅም። ተመስገን ሳቀ። "ጋሼ፣ ክትፎ መሰለዎት እንዴ? ይሄ አይበላም እኮ።" አጠገቡ የቆመችው ረዳቱም ሳቀች።

ወዲያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከእንስሳ ያልተሠራም እንዳለ፣ ከፈለግሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። "ከልጅዎ ጋር ተመካከሩበት፤ ጥርሱ የእሷ ነው" አለኝ።

ታዲያ ለምን እምቢ አልኩ? ሃይማኖቴ ነው እንዳልል፣ ከእንስሳ ያልተሠራውን አመጣለሁ ስላለኝ ሃይማኖቴን የሚነካው ነገር ተወግዶልኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ፣ የጤና መጽሐፍ በራሴ አንብቤ ጎረቤት የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ወጣት በሰው ፊት ሳቀብኝ። እምቢ ያልኩት ለሳቁ ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አስቴርና እናቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። "ነቅሎ ይተወዋል፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም ብሏል" አልኳቸው። ተመልሼም ለሐኪሙ "ተመካክረናል፤ ነቅለህ ተወው" አልኩት። ሁሉም አመኑኝ። ባለመዋሸት የታወቀ ሰው ውሸቱ ቶሎ ይታመንለታል።

ከዓመታት በኋላ አስቴር ጥርስ ልታስተክል አዲስ አበባ ሄደች። ሌላ ሐኪም አያት። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ሳስቷል፣ ብሎኑ የሚይዝበት የለም አላት። ከራሷ አገጭ አጥንት ወስዶ መለጠፍ ቢቻልም፣ ለመያዙ ዋስትና እንደሌለው ነገራት። "ሲነቀል ቦታው መጠበቅ እንዳለበት ማንም አልነገረሽም?" ብሎም ጠየቃት። ጥያቄውን ይዛልኝ መጣች።

"አባባ፣ ተመስገን ነግሮህ ነበር?"

"አልነገረኝም" አልኩ።

የመጀመሪያውን ውሸት በንዴት ዋሸሁ። ይህኛውን ግን የጎደለውን ጥርሷን እያየሁ ነው የዋሸሁት።

አበበች ሰማች። "እዚያ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ ልጄ" ማለት ጀመረች። ሐኪሙ ሳይነግረን ልጄን ጎዳት ብላ ለዕድርተኞቿ ነገረች፤ እነሱም ከሌሞ ገጠር ለገበያ ለሚመጡት ነገሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተመስገን በር ላይ የሚሰለፈው ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ቆይቶ እሱም መምጣቱን ተወ። እኔስ? እኔ በቤተ ክርስቲያን የሽምግልና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስለ ሐሰተኛ ምስክር አስተምር ነበር። አላፍርም ነበር? አፍር ነበር። ማፈሬ ግን ከማስተማር አላቆመኝም።

አበበች ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። የአስቴርን እጅ ይዛ ያንኑ ይቅርታ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀች። እኔ አንድ ቃል ብናገር ነፃ ትወጣ ነበር። አቅም አጥቼ ነው ዝም ያልኩት? አይደለም። ስሜን መረጥኩ።

አስቴር ይህን ሳታነብ ከማንም ይቅርታ አልለምንም። ዋጋውን ግን እነግራችኋለሁ። አስቴር ከጥርሷ ጋር መንጋጋዋንም ከፈለች፤ ያስገባችው የሚወልቅ ጥርስ በዝማሬ መካከል ከወደቀባት ወዲህ ዘምራ አታውቅም። ተመስገን መልካም ስሙን ከፈለ። የከተማችን ሰው አጠገቡ የነበረውን ሐኪም አጣ። አበበች ያልሠራችውን በደል ተሸክማ ተቀበረች። እኔ ዛሬም ሰዎች ሲጣሉ እውነቱን እንድመሰክር እጠራለሁ፤ ምንም አልከፈልኩም።