የአውሬው ዚፕ

ዛሬ ጋሽ ሙሄን ቤቴ ምሳ ጠርቼ ሳቅኩባቸው። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ገና እንደጋለ ነው።

ልጆች እያለን ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊልም በአማርኛ የሚተርኩልን እሳቸው ነበሩ። ያ ከሐይቅ ወጥቶ ሰው የሚበላው አውሬ ብቅ ሲል «ከኋላችሁ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ቤቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይዞራል። እኔ ከዚያ በኋላ የግቢያችን ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ነበር።

ፊልሙን ሰሞኑን ስላገኘሁት ከምሳ በኋላ ከልጆቼ ጋር ከፈትነው። አውሬው ገና ከውሃው ሲወጣ ልጄ «አባዬ፣ ጀርባው ላይ ዚፕ አለ» አለች።

እውነትም ዚፕ። ያውም እስከ ግማሽ ብቻ የተዘጋ።

እኔም ለልጆቼ አራዳ ለመምሰል «ምን ዓይነት ፋራዎች ነበርን፣ በዚህ ነው የተሸወድነው?» ብዬ ከት ብዬ ሳቅኩ። ጋሽ ሙሄም ሳቁ፤ ግን ትንሽ ዘግይተው።

ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ስሸኛቸው «ዚፑን እኮ እኔ ያኔም አየው ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ‹ከኋላችሁ› እያልኩ እጮህ የነበረው ለምን ይመስልሃል?»

ልሸኛቸው ወጥቼ ታክሲውን እንኳ ያስቆሙት እሳቸው ናቸው።

እናንተ ሰፈርስ ፊልም የሚተርክላችሁ ማን ነበር? እንደኔ የሳቃችሁባቸው ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን እንዳላፍር።