ሁለተኛው እጅ ጽሕፈት

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የጫማ ክምር ነው። አሥራ አንድ ሰው እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው አራት እርምጃ ነው፤ ያን ቀን ስመላለስ ዋልኩ።

ፖሊሶች ካራ ከሚገኘው ቤቴ ሲወስዱኝ ከመጻሕፍቴ ጋር አንድ አሮጌ ደብተር ይዘው ነበር። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር የምንጫወተው የድሮ የቴሌቪዥን ጌም ማስታወሻ ነው። ጌሙ በጃፓንኛ ስለሆነ አንድ ፊደል አናነብም፤ እየሞከርን የገባንን በአማርኛ እንጽፍ ነበር። አራት ተጓዦች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የፈለግከውን ሙያ ትሰጣለህ፣ ሲያስፈልግ ትቀይራለህ። "ሌባው ፈረሰኛ ይሁን። ሐኪሙ ከኋላ ይቁም።" መርማሪው ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

"ሐኪሙ ማነው?"

"ጌም ነው።"

"እሺ፣ ጌም ይሁን። እዚህ ላይ የሁለት ሰው እጅ ጽሕፈት አለ። ሁለተኛው የማን ነው?"

ጓደኛዬ አስተማሪ ነው። ከዚያ በፊት አንዴ ታስሮ ወጥቷል፤ ሁለተኛ ቢገባ እንደዋዛ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። "ሁለቱም የኔ ነው፤ በግራዬም እጽፋለሁ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በግራ እጄ እንኳን እስክሪብቶ ማንኪያም ይዤ አላውቅም።

"ሰኞ ትጽፍልኛለህ" አለኝ። ቀኑ ዓርብ ነበር።

ከእስረኞቹ አንዱ ከእንጦጦ የመጡ፣ ብራና ሲጽፉ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"እስቲ ተቀመጥ ልጄ፣ ራሴን አዞርከው" አሉ። "እዚያ ጨዋታ ውስጥ ፈረሰኛው ሐኪም ሲሆን ፈረስ መጋለቡን ይረሳል እንዴ?"

"አይረሳም የኔታ። የተማረው አብሮት ይሄዳል።"

"ታዲያ ምን ያቅበጠብጥሃል? ቀኝህ ያውቃል፤ ግራህን እናስተምራታለን።"

በሳሙና ቁራጭ ሲሚንቶው ላይ ጀመርን። ጓደኛዬ ፊደሉን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የሐመሩን ሐ መካከለኛ እግር ያስረዝማል። እያስታወስኩ ስጽፍ የኔታ በጣታቸው ያርሙኛል፤ ሌሎቹ እግራቸውን አጥፈው ወለል ይለቁልኛል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር በካልሲዬ አጠፋዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ እንዲህ አለፉ። ምግቡም እንቅልፉም እምቢ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። በግራዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ከደብተሩ ጎን አስቀምጦ ብዙ አየው። እኔም አየሁት። አይመሳሰልም።

"ይሄ ያንተ አይደለም። የሰውዬውን ስም ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው የኔ ነው ብለህ ፈርምበት።"

ፈረምኩ፤ በግራዬ።

ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ደብተሩ እዚያው ቀረ። ጓደኛዬ ዛሬ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ቤቴ እየመጣ ጌሙን እንደገና ከመጀመሪያው ይዘነዋል። መታሰሬን ያውቃል፤ ስለ እጅ ጽሕፈቱ ግን አልነገርኩትም። ቢያውቅ እንደ ድሮው ከኔ ጋር መነታረኩን ይተዋል። ያንን አልፈልግም።

ባለፈው እሑድ የቱ ሙያ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶን ስንደናበር ተናደደ።

"ያን የመሰለ ደብተር የት ጣልከው? አንተ እኮ ዕቃ መያዝ አታውቅም!"

"ልክ ነህ፣ አላውቅም" አልኩት።