የተበላሹ ወረቀቶችን የምትሰበስበው መምህርት

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማባዣ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ያረጀ ማባዣ ማሽን፣ የወረቀት መደርደሪያ፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ የተበላሸ ወረቀት የማጠራቅምበት ካርቶን ነበረ። የተበላሸውን የማልጥለው የማሽኑን ቀለም ስለምጠርግበት ነበር። መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ይህንንም የጀመርኩት ስለ መምህርት ዊዳድ በሺር የሚጽፍ ሌላ ሰው ብጠብቅ ስላጣሁ ነው።

ዊዳድ የሐርቡ ልጅ ናት። አባቷ እዚያው ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። እሷ ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ሆና ተማረችና የሳይንስ መምህርት ሆና ወደ እኛ መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። ላፕቶፕዋን የምትይዘው አባቷ ከሱሪ ጨርቅ ቁራጭ በሰፉላት፣ ውስጡ ስፖንጅ በተደረበ ቦርሳ ነው። የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። በዚያው ላፕቶፕ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከስልኳ ላይ እያነበበች ለመደች። ኮምፒውተሩን በጽሑፍ እያዘዘች ሥዕል እንዲሥል ታደርገዋለች። እኔ መጀመሪያ ሳያት ደብዳቤ የምትጽፍ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የክፍል ፈተና ነው። ስድስተኛ ክፍሎችን የአበባን ክፍሎች አስተምራ ስለነበር፣ ግቢያችን ውስጥ የበቀለ አበባ በስልኳ አነሣችና አንዱን ክፍል በቀስት አመልክታ ስሙን ጻፉ የሚል ጥያቄ አወጣች። ላፕቶፑ ላይ ሲታይ አበባው አሁን የተቀጠፈ ይመስል ነበር። በእኔ ማሽን ሲያልፍ ግን ግራጫው ሁሉ ጠቆረና የተደፋ ቀለም መሰለ። ነገርኳት፤ ሰዓቱ ስለደረሰ ግን ልጆቹ በዚያው ተፈተኑ። አብዛኞቹ ቦታውን ባዶ ተዉት። ሱሀይላ የምትባል ተማሪ ብቻ፣ ቀስቱ የሚያመለክተው ክፍል ምን ይባላል ለሚለው ጥያቄ «የማሽን ቀለም» ብላ መለሰች። ዊዳድ ወረቀቱን ይዛ መጥታ አሳየችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ልጅቱ የጻፈችው ያየችውን ነው ብላ ሙሉ ነጥብ ሰጠቻት። ከክፍሌ ስትወጣ ግን መሳቋን ትታ ነበር።

በዚያው ሰሞን የደሴና የኮምቦልቻ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለስድስተኛ ክፍሎች የጋራ የሙከራ ፈተና ለማዘጋጀት ተስማሙ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚባዛው ግን በየትምህርት ቤቱ ማሽን ነው። የሳይንሱን የሚያስተባብሩት መምህር ሰማኸኝ የሚባሉ የሌላ ትምህርት ቤት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ቀልድ ይወዳሉ። እሳቸው በስብሰባው ላይ ሥዕል ያለበት ጥያቄ በሙሉ ይቅር አሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሥዕል የጠቆረባቸው ልጆች ወረቀታቸው ላይ ሲያለቅሱ አይተው ስለነበር ምክንያት አላቸው። ዊዳድ ግን ተነሥታ ተከራከረች። ክልላዊው ፈተና ላይ ሥዕል መምጣቱ አይቀርም፤ ልጆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት እዚያ ከሆነ ይደነግጣሉ አለች። በመጨረሻ መምህር ሰማኸኝ፣ ጥያቄዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት በሁሉም ትምህርት ቤት ማሽን የሚነበብ ሥዕል ካመጣች ፈተናው ውስጥ እንደሚገባ፣ አንዱ ላይ እንኳ ከጠቆረ ግን ሥዕል የሚባል እንደማይኖር ነገሯት። ይህን ያወራችኝ ራሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቷን የምታሳልፈው ማባዣ ክፍል ሆነ። ትክክለኛውን መሣሪያ መምረጥ አለብኝ ትላለች። መሣሪያ የምትለው ብረት አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ እሷ ከራሷ ፕሮግራም ውስጥ ጠርታ የምታሠራው የፕሮግራም ክፍል ነው። መጀመሪያ ፎቶ የሚያስተካክል መሣሪያ ሞከረች። ግራጫ የሚባል እንዳይኖር የጠቆረውን ጥቁር፣ የነጣውን ነጭ ያደርጋል። የአበባው ግማሽ ጠፋ። ቀጥላ የነገሩን ጠርዝ ብቻ ፈልጎ የሚያወጣውን ሞከረች፤ እሱ ደግሞ አበባውን ያልተበጠረ ፀጉር አስመሰለው። ሌላው መሣሪያ ፎቶ አይፈልግም፤ ስሞቹን ከነገረችው ሣጥኑንና ቀስቱን ራሱ ያሰናዳል። እሱን በውሃ ዑደት ሞከረችው። መጀመሪያ የአማርኛውን ፊደል ባዶ ሣጥን አድርጎ አወጣው። የኛን ፊደል የሚያውቅ ፎንት ፈልጋ ጫነችለትና ተስተካከለ፤ ግን ደመናውን ከባሕር በታች አስቀመጠው። እኔ አይቼው፣ ክረምት ላይ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ደመናው ከእግራችን በታች አይደለም ወይ ብያት ትንሽ አሳቅኳት።

በመጨረሻ የመረጠችው ከሁሉም አድካሚውን ነው። እሱ በራሱ ምንም አያውቅም። መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚጎብጥ፣ ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ አንድ በአንድ ይነገረዋል። አበባዋን በዚህ መንገድ ከግርጌው ጀምራ ቅጠል በቅጠል አበጀችው፤ የወንዴውንና የሴቴውን ክፍል ለየብቻ አወጣች። በእኔ ማሽን ሲባዛ ጥርት ብሎ ወጣ። እኔ ደስ አለኝ። እሷን ግን የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ነገር አሳሰባት። የእኔ ማሽን አንድ ነው፤ የሌሎቹን ማን ያውቃል?

ያኔ ነው ዓይኗ ከበሩ ኋላ ያለው ካርቶን ላይ ያረፈው።

«እትዬ፣ ይኼ ሁሉ የተበላሸ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ቀለም የምጠርግበት ነው።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ልየው።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቶቹን መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። ቀለም የበዛበትን ለብቻ፣ ጠርዙ የደበዘዘውን ለብቻ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ሰንበር የወጣበትን ለብቻ። እኔ ስንት ዓመት ስጠርግባቸው ብልሽት መልክ መልክ እንዳለው ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «እስከ ዛሬ ሥዕሉን ለማሳመር ነበር የምደክመው» አለችኝ። «አሁን አበላሸዋለሁ።»

ሐሳቧ የገባኝ ስታሳየኝ ነው። የተበላሹትን ወረቀቶች በስልኳ ታነሣለች። የፎቶ መሣሪያውን ቀድሞ ፎቶ ለማጥራት ነበር የምትጠቀምበት፤ አሁን ግን ብልሽቱን እንዲያጠናና ንጹሑን ሥዕል በዚያው ዓይነት እንዲያበላሸው አደረገችው። ወረቀት ሳይባክን፣ ላፕቶፑ ላይ አበባው በደካማ ማሽን ሲያልፍ ምን እንደሚጠፋ ታያለች። በሥዕል መሣሪያው ትሠራለች፣ በፎቶው ታፈርሳለች፣ የጠፋውን አይታ እንደገና ትሠራለች። ለዚህ ደግሞ የየትምህርት ቤቱ ብልሹ ወረቀት ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ልመና ወጣች። በደሴ የትምህርት ቤቶቹን ማባዣ ክፍሎች ዞረች፤ ቅዳሜ እናትና አባቷን ለመጠየቅ ስትወርድ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ከሚኒባስ እየወረደች ለመነች። ቆሻሻ ሰብሳቢዋ መምህርት የሚል ስም ወጣላት። አንድ ቀን መምህር ሰማኸኝ እኛ ግቢ አገኟትና፣ «ሰው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞር ጥሩ ነገር ይለምናል። አንቺ ቆሻሻ ትለምኛለሽ?» አሏት።

«ጥሩውንማ ሁሉም ያሳየኛል፣ ጋሼ» አለች። «የሚቸግረኝ የሚደበቀው ነው።»

እውነቷን ነበር፤ በአንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት የማባዣ ሠራተኛ የሆነችው ራሂማ የተበላሸ ወረቀት የለኝም ብላ መልሳት ነበር። በማሽኑ እንዳትወቀስ ፈርታ ነው። ዊዳድ ደጋግማ ሄደች፤ በመጨረሻም ወላሂ ስምሽ አይነሣም ብላ ማለችላትና ራሂማ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ ክምር አወጣች። የዚያ ማሽን ሥራ ከሁሉ የከፋ ነበር። በግራ በኩል ያለው ይደበዝዛል፣ ቀጫጭኑ መስመር ይቆራረጣል፣ የተጠጋጋው ይዋጣል። ዊዳድ ወርቅ እንዳገኘች ሰው እየሣቀች መጣች። የራሂማ ማሽን ያሳለፈውን ሁሉም ያሳልፈዋል አለችኝ።

ሥዕሉን እንደገና አፈረሰችው። የቀስቱ ራስ የተሞላ ስለነበር ቀለም ይጠጣል፤ ባዶ አደረገችው። ፊደሎቹን ከመስመሩ አራቀቻቸው። ግራ ጠርዝ ላይ ምንም እንዳይኖር አበባውን ወደ ቀኝ ገፋችው። መስመሮቹን አወፈረች፤ ወፍረው አስቀያሚ ሲሆኑባት ደግሞ መለስ አደረገቻቸው። አበባው በመጀመሪያ ከነበረው ውበት ቀንሷል። እሷ ግን ውበቱ መነበቡ ነው አለች።

ሥዕሉ የሚሞከርበት ቀን ሲደርስ፣ ራሂማን አስፈቅዳ በእሷ ማሽን ይሁን ብላ የጠየቀችው ዊዳድ ራሷ ናት። መምህር ሰማኸኝ ተገረሙ። እኔም መቅረት አልሆነልኝምና ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ወረድኩ። የኮምቦልቻ ሙቀት ጠበቀን፤ ክፍሏ ውስጥ ማራገቢያ የለም። ራሂማ ቢስሚላህ ብላ ማሽኑን አስነሣች። የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። ግራ ጠርዙ እንደ ወትሮው ደብዝዟል፤ አበባው ግን ከቀስቶቹና ከፊደሎቹ ጋር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መምህር ሰማኸኝ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ስም ጮክ ብለው አነበቡ። አልበቃቸውም። ማሽኑ ሲሞቅ ይብሳል ብለው ብዙ ካስባዙ በኋላ የመጨረሻዋን ወረቀት መዘው አዩ። ከመጀመሪያዋ ትብሳለች፤ ግን ትነበባለች።

«ሥዕሉ ይገባል» አሉ።

ዊዳድ የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ራሂማ አንዷን ወረቀት ለራሷ ለመያዝ አስፈቀደች፤ ከማሽኗ የወጣ ነገር ሲደነቅ ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የዊዳድን እጅ ያዝኩ፤ እሷም አልለቀቀችኝም።

ፈተናው በሁሉም ትምህርት ቤቶች ከነሥዕሉ ተሰጠ። አንዱ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ገጽ ገልብጦ ስቴፕል ስላደረገው ልጆቹ አበባውን ተዘቅዝቆ አዩት፤ ዊዳድ ለዚያ የሚሆን ፕሮግራም የለኝም ብላ አለፈችው። ሱሀይላ በዚህ ጊዜ የማሽን ቀለም ብላ አልመለሰችም። ፈተና ላይ የሣለው ሰው ስም አይጻፍም። እኔ ግን የእኛን ክፍሎች ሳባዛ እያንዳንዱ መስመር ለምን እዚያ እንደቆመ አውቅ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምኮራበት ወረቀት በዚያ ማሽን አሳልፌ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ስል፣ መምህር ሰማኸኝ አንድ ጥቅል ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ማባዣ ክፍል ገቡ። ዊዳድ እዚያው ነበረች። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

«ይኼ ከኛ ማሽን የወጣ ነው። በጣም የተበላሸውን መርጬ ነው ያመጣሁልሽ።»

ዊዳድ ከመሃል አንዱን መዛ ወደ መስኮቱ አነሣችና ግራ ቀኙን አየችው።

«ይኼማ ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ከዚህ የባሰ የለዎትም?»