ቃር የያዘው ጉሮሮ

አባቴ በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ያስተምሩ ነበር። እኔ ትዳሬን ፈትቼ ወደ ቤታቸው በተመለስኩበት ዓመት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ድምፃቸው እየሰለለ መጣ። ጧት ተማሪዎቻቸው ፊት ተቀምጠው ዜማውን ሲጀምሩ ያንቃቸዋል፤ ሳል ይይዛቸዋል። መንደሩ ዓይን ነው አለ። መተት ነው ያለም አልጠፋም።

እኔ ግን ሲተኙ አያቸው ነበር። ጋደም ካሉ ብዙም ሳይቆዩ ብድግ ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። ኮምጣጣ ውሃ አፋቸው ድረስ ይመጣባቸዋል።

«አባባ፣ ድምፅዎን የሚያጠፋው ይኸ ቃር ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ቃርና ዜማን ምን አገናኛቸው?» ብለው ሳቁብኝ።

ሲብስባቸው በበቅሎ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እዚያ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ጉሮሯቸውን አይቶ፣ «የኔታ፣ አመጋገብዎ እንዴት ነው?» አላቸው።

«በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። ከዚያ ሽሮዬን ጠግቤ በልቼ ጋደም ነው።»

«ጠላስ?»

«ጠላማ እንዴት ይቀራል!»

«ጉሮሮዎን የላጠው ከሆድዎ የሚወጣው አሲድ ነው። ጾምዎን ይጹሙ፤ ሲበሉ ግን ጥቂት ጥቂት ይሁን። በርበሬና ጠላ ይቅርብዎ። በልተው ወዲያው አይተኙ፤ ሲተኙም ከራስጌ ከፍ ይበሉ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው።»

አባቴ እስከ ቤታችን ድረስ አኩርፈው ተጓዙ።

መደባችን የጭቃ ነው፤ ራስጌው ከፍ አይልም። ትራስ ብደራርብ ተንሸራተተ። ስለዚህ ድንጋይ ደርድሬ፣ ጭቃ በጭድ አቡክቼ፣ ከራስጌው እስከ ወገብ ድረስ ተዳፋት አድርጌ ለሰንኩት።

«ቁልቁለት ላይ ልታስተኚኝ ነው?» አሉኝ። ግን ተኙበት። ሽሮውን አልጫ አደረግሁት። ማኅበር ላይ ጠላውን በከንፈራቸው ብቻ ነክተው ሲመልሱ ሰው ይቀየማቸው ነበር፤ ቻሉት። ክረምቱን በሙሉ ዜማውን ለታላቁ ተማሪያቸው ትተው በሹክሹክታ ብቻ ያርሙ ነበር።

በወርኃ ጽጌ አንድ ጧት ደጅ ገብስ ስሸከሽክ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ዘነዘናው እጄ ላይ ቀረ። ዜማው ከዝቅታ ተነሥቶ፣ እየቀጠነ፣ ሳይሰበር ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያ ብዙ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ተማሪዎቹ አብረው ማዜም ትተው አፋቸውን ከፍተው አባቴን ያያሉ። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ እስላም ነጋዴ አህዮቹን አቁሞ ያዳምጣል።

ያ ሁሉ እሳት ሲመላለስበት በከረመ ጉሮሮ እንዲህ ያለ ነገር ያልፋል ብሎ ማን ያስባል? አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ያን ጧት ግን ሌላ ሰው፣ ከእኛ ቤት የሚበልጥ ሰው ሆነው ታዩኝ።

ጨርሰው ቀና ሲሉ አዩኝ። «ምነው፣ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» አሉኝ።

ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ ወደ ገብሴ ተመለስኩ።

ቃሩ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ጠግበው በበሉ ቀን ይነሣባቸው ነበር። እስኪያረጁ ግን አስተማሩ። በስማዳም ሆነ በእስቴ አገር ከእሳቸው የተማረ መሪጌታ ሲያዜም ከሰማሁ፣ ዛሬም እስኪጨርስ እግሬ አይራመድልኝም።