መርዶ በቀለመወርቅ ግቢ

ቀለመወርቅ ሰው መናቅ ታውቅበታለች። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ለቤቴል ምግብ ቤቶች የምታስረክብ፣ ስልሳን የተጠጋች፣ አግብታ የፈታች፣ እናቷን እስከ መቃብር ብቻዋን የጦረች ሴት ናት። የቀራንዮ ሰው ሁሉ በየደረጃው ተቀምጦላታል፦ ፎቅ ሠርቶ ደጁን የማይጠርገው፣ ለቅሶ ቤት መጥቶ ስልኩን የሚነካካው፣ በርበሬዋን ገዝቶ አያቃጥልም የሚለው። ከሁሉም በታች ግን ያስቀመጠቻት ታናሽ እህቷን እሙን ነው።

ምክንያት አላት። እናታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ያረፉት እሙ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ነበር። በሰው አገር ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ደግፎ ያነሳታል? ስለዚህ ቀለመወርቅ ከጎረቤት ጋር ተማክራ ደበቀችው። እሙ በደወለች ቁጥር እማዬ ተኝታለች፣ እማዬ ጠበል ወርዳለች እያለች ወራቱን በውሸት ገፋችው። እሙም ለእማዬ ስጪልኝ እያለች የሱፍ ካልሲና የጉልበት ቅባት ትልክ ነበር። ቀለመወርቅ ካልሲውን ለድሃ ሰጠች፤ በቅባቱ የራሷን ጉልበት አሸችበት።

በኋላ እሙ ለዕረፍት መጣች። ገና ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ፣ እንደ ደንቡ መርዶው ተነገራት። እሙ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች፣ ሌላ የለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀለመወርቅ የምትገባበት ጠፋት። ይቺ ልጅ አንጀቷ ደርቋል አለች፤ ከዚያ ወዲህም ፊት ሰጥታት አታውቅም።

ዘንድሮ እሙ ቤሩትን በቃኝ ብላ ተመለሰች። ጦር ኃይሎች ጓደኛዋ ዘንድ ተጠግታ፣ የጓሮዋን ክፍል ስጪኝና አብረን እንኑር ብላ እህቷን ለመነች። እምቢ ካልሽኝ ግን እዚህ ማን አለኝ፣ አሠሪዎቼ ነይ እያሉኝ ነው፣ እመለሳለሁ አለቻት። ቀለመወርቅ ነገሩን አንጠልጥላ ተወችው። ለእናቷ እንባ የነፈገች፣ ለእኔ ምን ልትሆነኝ ነው ትላለች በልቧ።

በዚህ መሀል ፊልም ሠሪዎች መጡ። በየፎቁ መሀል ተሸጉጦ የቀረውን የቀለመወርቅን ጭቃ ቤት አይተው የንጉሡን ዘመን ይመስላል አሉ። ዳይሬክተሩ ደግፌ ጢሙን ያንጨባረረ፣ እርሷን «ማዘር» እያለ የሚጠራ ጎረምሳ ነው፤ ለዚህ ብቻ ናቀችው። ፊልሙ በመርከብ ጣሊያን አገር ስለሄደች ልጅ ነው። ናፍቆት ሲጠናባት ትመጣለች፣ ከዚያ የቱ ነው አገሬ እያለች ትጨነቃለች። ናፍቆት ሥራ የፈታ ሰው በሽታ ነው አለች ቀለመወርቅ፤ ቤቱን የፈቀደችውም ቀርባ ልትታዘባቸው ነው።

የመጨረሻው ቀን ቀረጻ ልጅቷ እናቷ መሞቷን የምትሰማበት ነበር። እሙም ልታይ መጥታ ከእህቷ ጎን ቆመች። ተዋናይቷ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ተጨምሮላት ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ ደግፌ አቁሙ ሲል ወዲያው መስታወት ጠየቀች። ቀለመወርቅ በአፍንጫዋ ሳቀች። ከዚያ ወደ እሙ ዞር አለች።

«ከእሷ ተማሪ» አለቻት። «ተከፍሏትም ቢሆን አልቅሳለች።»

እሙ ነጠላዋን ሰበሰበች። ልትሄድ ነው ተብሎ ሲጠበቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«እኔ አልቅሼ ጨርሼ ነበር የመጣሁት፣ እትዬ።»

ነገሩን አሳጥራ ነገረቻት። እናታቸው በተቀበሩ ሰሞን ቤሩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወሬው ከአገር ቤት የደረሳት አንዲት የኮልፌ ሴት አግኝታት፣ እሙም የሰማች መስሏት እግዜር ያጥናሽ አለቻት። እሙ አሠሪዋ እንዳትሰማ ባኞ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ፣ እርሟን ብቻዋን አወጣች። መርዶው ቀንም ላለቅስ ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለኝ አለች።

ቀለመወርቅ አላመነቻትም። ካወቅሽ ለምን ስልክ ላይ እማዬ እንዴት ናት ትይኝ ነበር አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ፊቱ አልነበረም።

«አንቺ ለእኔ ብለሽ እንደዚያ ስትጨነቂ፣ ሰምቻለሁ ብዬ እንዴት ላሳፍርሽ?»

«ቅባቱስ? ለሞተ ሰው ቅባት ይላካል?»

«ጉልበትሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ» አለች እሙ። «በአንቺ ስም ብልከው ምን ያደርግልኛል ብለሽ ትመልሽዋለሽ።»

ቀለመወርቅ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ያን ሁሉ ጊዜ የናቀችው ይህንን ነበር። እንባዋ ሳታስበው መጣ፤ በፊልም ሠሪዎቹ መሀል፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ተዋናይቷ ደንግጣ መስታወቷን አወረደች። ደግፌ ግን ዓይኑ በርቶ ካሜራውን ወደ እርሷ እንዲያዞሩ በእጁ ምልክት ሰጠ።

«አንተ ጢማም፣ ያንን ነገር ከፊቴ አንሳ» አለችው።

አነሳ። ቀለመወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እህቷን ሳታያት ተናገረች።

«የጓሮው ክፍል ያፈሳል። ዕቃሽን አምጪና ከእኔ ጋር ትተኛለሽ።»