አቶ ናሙና ግድግዳ ሲመርጥ

ድንገት ዝናብ ወረደና መንገደኛው ሁሉ ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ ተጠለለ። ጣሪያው በአራት የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ከስሩ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይሠራል። ከተጠለሉት መካከል ጃንጥላቸው የተቀደደ አሮጊት ነበሩ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ እሳቸውን አስቀመጠ፤ ጃንጥላቸውን ተቀብሎ ቆሞ በእጅ መርፌ ጠቀመው። አሮጊቷ ስንት ልክፈል ቢሉት፣ ያመጣዎት ዝናቡ ስለሆነ ሒሳቡን ከእሱ ጋር ይጨርሱ አላቸው። ከተጠለሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱን ለምን ያለ ግድግዳ እንደተወው መጠየቄ አልቀረም።

ሰፈሩ የሚያውቀው አቶ ናሙና በሚለው ስም ነው። ኮት ሊያሰፋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት ቀን አንገቱን ያሽበታል፣ ያጥበዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጨርቅና አማች ሳይፈተኑ አይታመኑም ይላል፤ አማቱ ባሉበትም ጭምር።

እሱና ባለቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ከጎረቤት የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ እንጨት ብቻ ነበር። ባለቤቱ ጸሎተኛ ናት፤ ዘመድ አዝማዱን በስም እየጠራች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። ከወዲያ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር ደግሞ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው «አሜን» ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የሰማችው ዕለት ከሰማይ የመጣ መስሏት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በኋላ ግን ለባሏ ግትርነት መፍትሔ ስትለምን፣ ሹፌሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የእሱ ነገር ይቆይና ዛሬ የእህትሽን የታመመ ጉልበት ረሳሽው ብለው አስታወሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሹፌሩ ጆሮ ግን ለእሷ ቤተሰብ ሆነ።

ቦታ አግኝተው፣ ተመስገን፣ ጣሪያው እንደቆመ ባለቤቱ የለመነችው አንድ ነገር ነበር። ሰገነት አላለች፣ ሰፊ መስኮት አላለች።

«ድምፄን አውጥቼ ከፈጣሪዬ ጋር የማወራበት ግድግዳ ብቻ ስጠኝ» አለችው።

ጊዜውም አጭር ነበር። አከራዮቻቸው ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ክፍሏን በሁለት ወር ውስጥ ይፈልጓታል። ግንበኛው መጥቶ በምን ይሠራ፣ በብሎኬት ነው በጡብ ሲል፣ ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ናሙና አምጣ አለው። ግንበኛው ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያም እንደታዘዘው በግቢው ውስጥ አንድ በብሎኬት፣ አንድ በጡብ፣ አንድ በድንጋይ፣ አንድ ደግሞ በድርብ ጣውላ አራት አጫጭር ግድግዳዎች አቆመ፤ ወርዳቸው ሁለት ሜትር፣ ቁመታቸው ደረት ድረስ። ተኳርፈው ጀርባ የተሰጣጡ እህትማማቾች ይመስሉ ነበር። አላፊ አግዳሚው የማን መቃብር ነው እያለ ኮፍያውን ያወልቃል።

አቶ ናሙና ሥራውን ጀመረ። ውሃ አፈሰሰባቸው፣ ጉንጩን አሻሸባቸው፣ ጡቡን በመርፌ ወጋው፤ መርፌው ተሰበረ። ዋናው ፈተና ግን የድምፁ ነበር። በየቅዳሜው ባለቤቱ ከአንዱ ግድግዳ ጀርባ ተንበርክካ ትጸልያለች፤ እሱ በወዲህ በኩል ጆሮውን ለጥፎ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሰማውን ይጽፋል። በብሎኬቱ ሁሉንም ሰማ። በጡቡ ትንፋሽዋን ሳይቀር ሰማ። በጣውላው ሰማ። ድንጋዩ ተስፋው ነበር፤ እሱም የእህቷን ጉልበት ከነስሟ አሳለፈው። ውፍረቱን እጥፍ አስደረገው፤ ያው ነው። ስድስት ሳምንት አለፈ። ባለቤቱ ዕቃ መቋጠር ጀምራለች፤ ማታ ማታ፣ አከራዮቹ ሲያስወጡን ከምሰሶና ከምሰሶ መካከል አንሶላ ልንወጥር ነው ወይ ትለዋለች። እሱም እንቅልፍ አጣ። ልብስ ቢሆን በትኖ ይሰፋው ነበር፤ ይህ ግን አሥሬ ለክቶ አንዴም ያልቆረጠው ነገር ሆነበት።

በሰባተኛው ቅዳሜ ግንበኛው ባልዲውን ገልብጦ ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየና፣ ጸሎቱ እንዳበቃ ቀረብ አለ።

«ጋሼ፣ የእትዬ ድምፅ እኮ በግድግዳው ውስጥ አይደለም የሚመጣው።»

«በየት ነው ታዲያ?»

«በላይ። ግድግዳው ደረት ድረስ ነዋ። በጎንም ይዞራል።»

ልብስ ሰፊው ወደ ላይ አየ። ወደ ጎን አየ። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጸሎት ላይ ያለን ሰው ማቋረጥ ነውር መስሎኝ» አለ ግንበኛው፣ መሬት መሬት እያየ።

ባለቤቱ የአሸዋው ክምር ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስድስት ሳምንት ሙሉ መንገደኛ እየሰማት ሜዳ ላይ ስትጸልይ መክረሟ ገና አሁን ነበር የገባት። ስቃ ሲወጣላት ምርጫውን ከባሏ እጅ ወሰደች፤ ግንበኛውንም ወግ ባለው መንገድ ጠየቀችው። ከባድና ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ ድምፅ ይይዛል፣ ብሎኬቱ በሁለቱም ወገን በደንብ ከተለሰነ ይበቃዎታል፣ ቶሎም ያልቃል አላት። ባልየው ልስኑ ለብሎኬቱ ገበሩ መሆኑ ሲነገረው ፊቱ በራ፤ ገበር የሚያውቀው ነገር ነውና። ብሎኬት ተባለ፣ ጣሪያው ድረስ ወጣ፣ በርና መስኮት ተገጠመ። አከራዮቹ የሰጡት ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ገቡ።

ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ ከበሩ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራኝ፤ ከቤቱ ጀርባ ወስዶም ግድግዳው ሥር አቆመኝ። ባለቤቱ ውስጥ ለጸሎት ልትንበረከክ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ለመነኝ።

«እኔ ሦስት ቀን እዚህ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ግን በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ጸሎቷን ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄዋለሁ። መስማቴ ይሁን ማስታወሴ አልለይ አለኝ። እስቲ ወንድሜ፣ አንተ ስማልኝ። ከሰማህ ደግሞ ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ እሷ በቤቷ ድምፅዋን ማውጣት ከጀመረች ገና ሦስት ቀኗ ነው።»