ድምፁን ዝቅ ያደረጉት መምህር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሕይወት ከምታስተምርበት ከወልድያ እዚህ መርሳ መጥታ፣ በረንዳው ላይ የሰኞ ትምህርቷን ታዘጋጅ ነበር። ከላፕቶፗ ውስጥ፣ ከተቀረጸ ትምህርት ላይ፣ አንዲት ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ሴት «ተማሪዎች፣ ሥር የመጠጠው ውሃ ወደ ቅጠል የሚደርሰው በምን በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። ዝምታዋ ምራቅ ውጦ አፍ ለመክፈት እንኳ አይበቃም፤ ወዲያው ራሷ መልሳ አለፈች። እኔ የያዝኩትን ማንጎ መላጥ ትቼ ቀረሁ። ያቺን አጭር ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኘው ትምህርት ቤታችን፣ ሳይንስ የምንማረው በሬዲዮ ነበር። ሬዲዮውን ሁለት ተማሪዎች እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ከዳይሬክተሩ ቢሮ ያመጡታል፤ የባትሪ ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ሰሌን ላይ እንደ እህል ለፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ዶሮ እንዳይጭረውም ተረኛ ይመደብለታል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሬዲዮው የሚሰማ ነገር የለም፤ ያን ጊዜ ከመስኖው ዳር የሚመጣው የብርቱካን አበባ ሽታና የእርጥብ ጠመኔ ሽታ ተቀላቅሎ ክፍሉን ይሞላዋል።

መምህራችን አስናቀ ሬዲዮው ምን እንደሚል መምሪያውን አንብበው ቀድመው ያውቁ ነበር። ሬዲዮው «ስንዴ» ሲል፣ እሳቸው ቀስ ብለው «እናንተ ማሽላ በሉት» ይሉናል። ስለ ሥርና ስለ ግንድ በምንማርበት ቀን ዋዜማ ከማሳ አገዳ ቆርጠው፣ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አቁመው አሳደሩትና፣ ከሬዲዮው ንግግር ጋር እኩል በቢላ ሰንጥቀው ቀዩን መስመር አሳዩን። አገዳው ጥንቅሽ ስለነበር ትምህርቱ ሲያልቅ ተሻምተን በላነው፤ በዕረፍት ሰዓት የክፍሉ ልጅ ሁሉ ምላሱ ቀልቶ ሲታይ፣ የሌላ ክፍል መምህራን ምን በሽታ ገባ ብለው ደንግጠው ነበር።

እኔ ተንተባታቢ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሬዲዮው ጠይቆ ለመልስ የሚተዋት ክፍተት ለእኔ አፍ አትበቃም። መልሱን ባውቀውም የመጀመሪያውን ፊደል ስታገል ሬዲዮው ነግሮን ያልፋል። መምህር አስናቀ ግን እጄን ሳወጣ ሲያዩ የሬዲዮውን ቁልፍ ዞር አድርገው ድምፁን ዝቅ ያደርጉና፣ የትም እንደማይሄድ ሰው ጠረጴዛውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። በዚያ ሰሞን የማወራው እሳቸው ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ከአውራጃው የመጡ ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀመጡ። ሬዲዮው ያንኑ የውሃውን ጥያቄ ጠየቀ፤ እኔም እንግዳ መኖሩን ሳላስብ እጄን አወጣሁ። መምህራችን አንድ አፍታ አመነቱ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረጉ። «በ... በ...» ስል ከኋላዬ ይመር የሚባለው ልጅ፣ «ጠብቁት፣ ሲሳይ መልሱን ከሐራ ድረስ በእግሩ እያመጣው ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህር አስናቀ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ይመር፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ተወው ይምጣ» አሉ።

«በግንዱ» አልኩ በመጨረሻ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ተቆጣጣሪውም ሲያጨበጭቡ አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ ሁለቱ ወጥተው በመስኮቱ ሥር ቆሙ።

«መምህር፣ ልጁን ወድጄዋለሁ» አሉ ተቆጣጣሪው፤ «ግን እሱ እስኪመልስ ሬዲዮው ስንት ነገር አለፈ?»

«ያለፈውን እኔ አውቀዋለሁ ጌታዬ፤ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ፈተናው የሚወጣው እርስዎ ከሚነግሯቸው አይደለም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ መምህራችን ትምህርቱ እስኪያልቅ ቁልፉን እንዳይነኩ ታዘዙ። ተቆጣጣሪው ክፉ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። በፊተኛው ዓመት ልጆቻችን በሚኒስትሪ ፈተና ከሌሎች ትምህርት ቤቶች አንሰው ነበርና፣ የእሳቸውም ጭንቀት ለእኛው ነበር። መምህር አስናቀ እንደታዘዙት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሬዲዮው አጠገብ ይቆሙ ጀመር። ጥያቄው ሲመጣ ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም አያቸዋለሁ፤ ክፍተቷ ታልፋለች፤ ሁለታችንም አንገታችንን እንደፋለን። ጥቂት ሳምንት እጄን አወጣሁ፤ በኋላ ተውኩት። ስድስተኛን ሳልጨርስ ወልድያ ጋራዥ ገባሁ።

የቀረውን ትምህርት ከመጻሕፍት ለቀምኩት። ዛሬ የመለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ከዕቃው እኩል መጽሐፍ አለ። መጽሐፍ ይጠብቃል፤ አንዱን ገጽ ክረምቱን ሙሉ ብታነበው አይቆጣህም። ነገር ግን መጽሐፍ አይጠይቅም፤ የተረዳህ መስሎህ ተሳስተህ ብትኖር ዝም ብሎ ያይሃል። ብዙ ነገር ተሳስቼ ያወቅኩት ለዚህ ነው። ልጆቼን ሰዓት አክብሩ እያልኩ በቁጣ ያሳደግኩ አባት ነኝ፤ አሁንም ስንፍናን አልወድም። ዘግይቶ የሚመልስ ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ሕይወት በሥልጠና ላይ እንደ ላፕቶፑ ያለውን መሣሪያ ከማስተማሪያው ዘዴና ከትምህርቱ ይዘት ጋር አዋህዱ መባላቸውን ስታጫውተኝ፣ አገዳውና ቀዩ ቀለም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

«ሴትዮዋ ስትጠይቅ ታ... ታቆሚያታለሽ?» አልኳት።

«ማቆሙስ በአንድ ጣት ነው፣ አባባ» አለች። «ግን የልጁን ብዛት ቢያዩት። አንዱን ስጠብቅ ሌላው ይረበሻል፤ ክፍለ ጊዜውም ያልቅብኛል።»

መምህር አስናቀ ያንን የማቆሚያ ቁልፍ ቢያገኙት ምንኛ በወደዱት። ሬዲዮ ሲዘጉት ያመልጣል፤ ይህ ግን ካቆሙት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሰው ግን ቸኩሏል።

ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ደጃፉ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኩና «ጠ... ጠ...» ማለት ጀመርኩ። በቤታችን ሁሉም ሰው ከፍቅር የተነሳ ቃሌን ይጨርስልኛል። «እሺ አባባ፣ ጠዋት እደውላለሁ፤ አይስጉ» ብላ ጉንጬን ስማኝ ሮጠች።

ባጃጁ ወደ አስፋልቱ ከታጠፈ በኋላ ቃሉ ያለ ምንም መሰናክል ከአፌ ወጣ። «ጠብቂያቸው» አልኩ፣ ለባዶው በረንዳ።